የክላውድ ኮንትሮልን ከተቆጣጣሪው መስፈርት ጋር እንዴት ታስተያያላችሁ (ጎንደር ላላችሁ የማይክሮፋይናንስና የፊንቴክ ልጆች)

ጎንደር ውስጥ ማይክሮፋይናንስ ጋ ወይ ለባንክ ሶፍትዌር የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ጋ አይቲ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ ይሄ ጥያቄ አንድ ቀን እናንተም ጋ መድረሱ አይቀርም። ሲስተሙ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራዩት የሌላ ድርጅት ሰርቨር) ላይ ወጥቶ ሁሉም ደስ ብሎት እያለ የውስጥ ኦዲተሩ ኢሜይል ይልካል፣ "የምንጠቀመው ክላውድ የተቆጣጣሪውን የሳይበር ስጋት መስፈርት ያሟላል ወይ? በጽሑፍ ይመለስ" የሚል። ከዛ አብዛኛው ሰው የፕሮቫይደሩን (የክላውዱን አከራይ) አይሶ 27001 የሚባል ዓለም አቀፍ የመረጃ ደህንነት ሰርተፊኬት አውርዶ፣ አያይዞ፣ "ያሟላል" ብሎ ይልክና ወደ ሥራው ይመለሳል። ኦዲተሩ ጎበዝ ካልሆነ ያልፋል፣ ጎበዝ ከሆነ ግን መልሶ ይመጣል፣ ምክንያቱም ሰርተፊኬቱ የፕሮቫይደሩ ነው፣ የተጠየቃችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

የክላውድ ኮንትሮል ዝርዝሩና የተቆጣጣሪው መመሪያ የሚጠይቁት ነገር ይለያያል። የክላውድ ኮንትሮል (የደህንነት መጠበቂያ እርምጃ) ዝርዝር ባብዛኛው "ይሄ ነገር አለ ወይ" ነው የሚለው፣ ኢንክሪፕሽን አለ ወይ፣ ሎግ አለ ወይ፣ ባክአፕ አለ ወይ። ተቆጣጣሪው፣ ለምሳሌ ብሔራዊ ባንክ፣ ደግሞ ኃላፊው ማነው፣ በስንት ሰዓት ታሳውቃላችሁ፣ ቦርዱ ያውቃል ወይ፣ ፕሮቫይደሩ ቢዘጋ ምን ታደርጋላችሁ፣ ማስረጃውን አምጡ ነው የሚለው። ስለዚህ ማስተያየቱን ከኮንትሮል ዝርዝሩ ከጀመራችሁ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆኖ ይታያችኋል፣ ተቆጣጣሪው የሚፈልገው ነገር ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ ክፍተቱም አይታይም። ሁሌም ከተቆጣጣሪው ዓረፍተ ነገር ነው መነሳት።

መጀመሪያ ወረቀቶቹን ሰብስቡ። በተቆጣጣሪው በኩል እንደ ፈቃዳችሁ ዓይነት ይለያያል፣ የብሔራዊ ባንክ መመሪያዎች ድረ ገጹ ላይ አሉ። ዋሌት (በስልክ የሚያዝ የገንዘብ ቦርሳ) የምታወጡ ከሆነ የክፍያ ሰነድ አውጪዎች መመሪያ አለ፣ አሁን የሚሠራበትን ሥሪት ያዙ፣ ከሱ በላይ የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 እና ማሻሻያው 1282/2015 አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባለውን እንዳትዘሉት፣ እሱ ላይ ተቆጣጣሪው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ ዳታ ከአገር ሲወጣም ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፣ የደንበኛ ስምና የስልክ ቁጥር ክላውድ ላይ ካለ ይመለከታችኋል ማለት ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008ንም ከጎን አድርጉት። ከዛ ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ከባንኩ ጋር የፈረማችሁት ውል ነው። እናንተ ቬንደር (ለባንኩ ሶፍትዌር አቅራቢ) ከሆናችሁ ብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ላይጠይቃችሁ ይችላል፣ ባንኩ ግን የራሱን ግዴታ በውሉ በኩል እናንተ ላይ አውርዶታል፣ አንቀጹ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ገጽ አካባቢ ነው የሚገኘው።

በክላውዱ በኩል ደግሞ የክላውድ ሴኩሪቲ አሊያንስ ያዘጋጀው ሲሲኤም የሚባል ማትሪክስ አለ፣ ኤክሴል ነው፣ በነፃ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሥሪት 4 በ17 ዘርፍ የተከፋፈሉ 197 ኮንትሮሎች አሉት። ጥሩነቱ ለክላውድ ተብሎ የተሠራ መሆኑ ነው፣ አይሶ 27001 በ2022ቱ ሥሪቱ 93 ኮንትሮል አለው ግን ለሁሉም ዓይነት ድርጅት የተጻፈ ነው። ከሲሲኤም ጋር አብሮ የሚሄድ ኬይክ የሚሉት መጠይቅ አለ፣ ትልልቆቹ ፕሮቫይደሮች ሞልተው ስታር በሚባለው መዝገብ ላይ ለጥፈውታል፣ ከመጠየቃችሁ በፊት እሱን አውርዱ። ገለልተኛ ኦዲተር ፕሮቫይደሩን ፈትሾ የሚጽፈው የሶክ 2 ሪፖርትም ያስፈልጋችኋል፣ ታይፕ 2 መሆኑን እዩ። ታይፕ 1 በአንድ ቀን ኮንትሮሉ በወረቀት ላይ እንዳለ ነው የሚያየው፣ ታይፕ 2 ደግሞ ለወራት በትክክል ይሠራ እንደነበር ፈትሾ ነው።

197ቱን ሁሉ ለመሙላት አትቀመጡ፣ በሁለተኛው ቀን ይሰለቻችኋል። ክላውዱ ላይ ያለው ምንድነው የሚለውን መጀመሪያ ጻፉ፣ ኮር ባንኪንጉ (ሂሳብ የሚያዝበት ዋናው ሲስተም) ነው፣ የኤስኤምኤስ መላኪያው ብቻ ነው፣ ባክአፕ ብቻ ነው? የኤስኤምኤስ መላኪያ ብቻ ላለው ተቋም እና ብድሩንና ቁጠባውን ሁሉ ላወጣ ተቋም የሚሞላው ሠንጠረዥ አንድ አይደለም።

አሁን ዋናው ሥራ። የተቆጣጣሪውን አንድ ዓረፍተ ነገር ውሰዱና ቆራርጡት። እኔ ለማሳያ ብዬ የጻፍኩትን ናሙና እንውሰድ፣ ከየትኛውም መመሪያ የተቀዳ አይደለም፦ "ተቋሙ ከፍተኛ የመግቢያ ፈቃድ ያላቸውን ተጠቃሚዎች በየሩብ ዓመቱ ይከልሳል፣ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ብቻ እንዲገቡ ያደርጋል፣ ውጤቱንም ለከፍተኛ አመራሩ ያቀርባል።" ሲያዩት አንድ መስፈርት ይመስላል፣ ውስጡ ግን አራት አለ። ክለሳ አለ፣ የጊዜ ገደብ አለ፣ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አለ፣ ለአመራር ማቅረብ አለ። እያንዳንዱን በሠንጠረዣችሁ ላይ በየራሱ ረድፍ አስቀምጡ።

ከዛ ሲሲኤም ውስጥ ገብታችሁ የሚቀርበውን ፈልጉ። ክለሳው አይኤኤም በሚባለው የማንነትና የመግቢያ ፈቃድ ዘርፍ ቁጥር 08 ላይ አለ፣ የከፍተኛ ፈቃድ አስተዳደሩ አይኤኤም 10 ላይ፣ ማረጋገጫው አይኤኤም 14 ላይ። የጊዜ ገደቡ ግን የለም፣ አይኤኤም 08 ክለሳ ይደረግ ይላል እንጂ በሦስት ወር ብሎ አይቆርጥላችሁም፣ ያ የእናንተ ፖሊሲ ውስጥ መጻፍ አለበት። ለአመራር ማቅረቡ ደግሞ አይኤኤም ዘርፍ ውስጥ ጭራሽ የለም፣ ጂአርሲ የሚባለው የአስተዳደር ዘርፍ ጋ ነው መሄድ ያለባችሁ፣ እዛም የምታገኙት ጠቅላላ ነገር ነው።

ቀጥሎ ማነው የሚሠራው። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ፕሮቫይደሩ ያቀርባል፣ የሚያበራው ግን የእናንተ ሰው ነው። እዚህ ጋ ብዙ ተቋም ይወድቃል። አንድ ቦታ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ የዋናው አድሚን አካውንት ማረጋገጫ በርቷል፣ ስክሪንሾቱም ፋይል ውስጥ አለ፣ ኮዱ የሚመጣው ግን ሥራ ለቆ አዲስ አበባ በገባ ልጅ ስልክ ላይ ነው። መግባት ሲፈልጉ ይደውሉለታል፣ "አንተ ወንድሜ፣ ኮዷን ላካት እስቲ" ይሉታል፣ እሱም ጨዋ ልጅ ነው ይልካል። በክላውዱ ዝርዝር ይሄ "አለ" ነው፣ በተቆጣጣሪው ዓይን ግን ከተቋሙ ጋር ምንም የሥራ ውል የሌለው ሰው የሲስተሙን ቁልፍ ይዟል። ለዚህ ነው ሠንጠረዡ ላይ "ማስረጃ" የሚለው አምድ ውስጥ ስክሪንሾት ብቻ ሳይሆን የባለቤቱ የሥራ መደብና መጨረሻ የተፈተሸበት ቀን የሚገባው። የሰው ስም አታስገቡ፣ ሰው ይቀየራል።

በመስፈርቱና በኮንትሮሉ መካከል ያለውን ግንኙነት ስትጽፉ "ያሟላል / አያሟላም" አትበሉ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2024 በፈረንጅ ያወጣው አይአር 8477 የሚባል ሰነድ አለ፣ ሰነድን ከሰነድ እንዴት ማስተያየት እንደሚቻል የሚያሳይ፣ እዛ ላይ ያሉትን የግንኙነት ዓይነቶች አቅልላችሁ ተጠቀሙ። እኩል ናቸው፣ ወይ ኮንትሮሉ ከመስፈርቱ ይሰፋል፣ ወይ ይጠባል፣ ወይ በከፊል ይነካካሉ፣ ወይ አይገናኙም። በእኔ ግምት እኩል የሚለውን የምትጽፉበት ረድፍ በጣም ጥቂት ነው የሚሆነው፣ አብዛኛው በከፊል ነው። ሠንጠረዣችሁ ላይ እኩል ከበዛ የሆነ ሰው ቸኩሏል ማለት ነው።

በከፊል ከሚሆኑት ውስጥ በጣም አስቸጋሪው የማሳወቂያ ሰዓት ነው። ሲሲኤም ላይ በክስተት አያያዝ ዘርፉ ኤስኢኤፍ 07 አለ፣ የደህንነት ጥሰት ሲኖር በውሉና በሚመለከተው ሕግ መሠረት ይነገር ይላል፣ ሰዓት አይጠራም። ተቆጣጣሪዎች ግን ይጠራሉ። በአውሮፓ ዶራ የሚባለው ደንብ፣ ከጥር 2025 በፈረንጅ ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው፣ ክስተቱ ከባድ ተብሎ ከተመደበ በ4 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከታወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ይግባ ይላል። የአሜሪካ ፌደራል የባንክ ተቆጣጣሪዎች 36 ሰዓት ይሰጣሉ፣ የኒውዮርኩ 72፣ የሲንጋፖሩ ማዕከላዊ ባንክ ማስ አንድ ሰዓት። እኛ ምን አገባን እንዳትሉ፣ የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል፣ ነገ ሶፍትዌራችሁን የሚገዛው ባንክ እናት ድርጅቱ ሌላ አገር ከሆነ የዛ አገር ሰዓት ጎንደር ድረስ ይመጣል።

እንግዲህ ሒሳቡን አስሉ። የፕሮቫይደሩ ውል ላይ ብዙ ጊዜ ያለው "ያለ አላስፈላጊ መዘግየት እናሳውቃለን" የሚል ቃል ነው፣ ቁጥር የለውም። ማሳወቂያው ደግሞ የሚላከው አካውንቱ ሲከፈት ወደተሞላው ኢሜይል ነው። ያ ኢሜይል የማነው? አሁን ግቡና እዩት፣ ከዚህ ጽሑፍ ምንም ባትወስዱ ይችን አድርጉ። የአንድ ሰው የግል ጂሜይል ከሆነ ወደ ጋራ አድራሻ ቀይሩት፣ ቢያንስ ሦስት ሰው የሚያየው፣ አንዱ ከአይቲ ውጪ የሆነ። ኤስኢኤፍ 08 ደግሞ የተቆጣጣሪዎችንና የሕግ አስከባሪዎችን የመገናኛ አድራሻ ያዙ ይላል፣ እነሱንም አብራችሁ እዩ።

ሰዓት ካነሳን አይቀር፣ የኛ አገር ብቻ የሆነ ራስ ምታት አለ። የክላውዱ ሎግ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፣ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ከዛ ላይ አቆጣጠራችን በ6 ሰዓት ይዞራል። ሎጉ ላይ 02:10 የሚለው ጎንደር ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ10 ነው። አንዱ በሪፖርቱ "2 ሰዓት ከ10" ብሎ ገለበጠው እንበል፣ አንባቢው ጠዋት ቢሮ ሲከፈት መስሎት ይቆጥራል፣ የማሳወቂያው ሰዓት ተቃጠለ። ቀኑም ያምታታል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ሰኞ ሌሊት ነው ወይስ ለማክሰኞ አጥቢያ? የክስተት ሪፖርት ፎርማችሁ ላይ ሁለት ሳጥን አድርጉ፣ አንዱ የሎጉ ሰዓት እንዳለ፣ ሌላው የአገር ውስጥ ሰዓት ከነ "ጠዋት፣ ማታ፣ ሌሊት" ቃሉ፣ ቀኑ ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር።

የሶክ 2 ሪፖርቱን ስታነቡ የተጠቃሚው ድርጅት ሊያደርጋቸው የሚገቡ ኮንትሮሎች የሚለውን ክፍል ፈልጉ። ሪፖርቱን የጻፈው ኦዲተር እዛ ላይ "እኛ ፕሮቫይደሩን ፈትሸን ደህና ነው ያልነው ደንበኛው እነዚህን ያደርጋል ብለን ነው" እያለ ነው። ማለት እናንተ ካላደረጋችኋቸው የሪፖርቱ ጥሩ ውጤት ለእናንተ አይሠራም። እነዛን አንድ በአንድ ወደ ሠንጠረዡ ገልብጡ፣ ኃላፊ በሚለው አምድ "እኛ" ብላችሁ። ሪፖርቱ የሚሸፍነውን ጊዜም እዩ፣ የኛ በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ የነሱ በፈረንጅ መስከረም የሚያልቅ ከሆነ ከጥቅምት በኋላ ያሉት ወራት ገና ባልወጣው ሪፖርት ውስጥ ናቸው፣ ለዛ ክፍተት ፕሮቫይደሩ የሚሰጠውን የማገናኛ ደብዳቤ ጠይቁ።

ይሄ ሁሉ ክፍፍል ለምን እንደሚያስፈልግ ካፒታል ዋን ባንክን ማየት ነው። በ2019 በፈረንጅ አሜሪካ ውስጥ ወደ 100 ሚሊዮን፣ ካናዳ ውስጥ ደግሞ ወደ 6 ሚሊዮን ሰው የሚሆን መረጃ ወጣበት። ክላውዱ አማዞን ነበር፣ ሰርተፊኬቱ ሙሉ ነው። የገባችዋ ሰው የተጠቀመችው ባንኩ ራሱ በአግባቡ ያላስተካከለውን ፋየርዎል ነው፣ በሱ በኩል የሰርቨሩን ጊዜያዊ የመግቢያ ቁልፍ አወጣች፣ ቁልፉ ደግሞ ከሚገባው በላይ ብዙ ማከማቻ ይከፍት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኦሲሲ የሚባለው ተቆጣጣሪ ባንኩን 80 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፣ ምክንያቱንም ሲጽፍ ወደ ክላውድ ከመሄዱ በፊት በቂ የስጋት ግምገማ አላደረገም አለ። ቅጣቱ ለፕሮቫይደሩ አልሄደም። ከሲሲኤም ጋር ካያያዛችሁት አይኤኤም 05 ነው፣ የሚያስፈልገውን ያህል ፈቃድ ብቻ መስጠት የሚለው፣ ኃላፊው ሙሉ በሙሉ ደንበኛው የሆነበት ረድፍ።

ሌላው የሚዘነጋው የለውጥ አስተዳደር ነው፣ ሲሲሲ የሚባለው ዘርፍ። ሳይበር ሲባል ሰው ሀከር ብቻ ነው የሚያስበው። በመጋቢት 2016 ንግድ ባንክ ላይ ሰው ከሂሳቡ በላይ ገንዘብ ያወጣበትን ሌሊት ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፣ ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ነው ብሎ ነው የገለጸው። ለተቆጣጣሪ ግን ገንዘቡ እኩል ነው የወጣው። ስለዚህ ማነው ለውጥ የሚያጸድቀው፣ ወደ ኋላ መመለሻው ምንድነው የሚሉት ረድፎች ከኢንክሪፕሽን ባልተናነሰ ይሞሉ። ኢንክሪፕሽንማ በትልልቆቹ ክላውዶች ላይ ባብዛኛው በርቶ ነው የሚመጣው፣ ቁልፉን ማን ይይዛል የሚለውን ጽፋችሁ እለፉት።

አገልግሎት አለመቋረጥ የሚለው ላይ ግን ቆም በሉ፣ እኛ ጋ የሚለየው እሱ ነው። ፕሮቫይደሩ 99.9 በመቶ ብሎ ቃል ቢገባ በወር ወደ 43 ደቂቃ መቋረጥ ይፈቀድለታል፣ 99.99 ከሆነ 4 ደቂቃ ገደማ። ቆንጆ ነው፣ ግን የሚለካው እሱ በር ላይ ነው። ትልልቆቹ ክላውዶች አፍሪካ ውስጥ ካሏቸው ቦታዎች የአማዞኑ ኬፕታውን ነው፣ የማይክሮሶፍትና የጉግሉ ጆሃንስበርግ። ከአዘዞ ቅርንጫፍ እዛ ድረስ ባለው መንገድ ላይ የሚበጠሰው ፋይበር፣ የሚጠፋው መብራት፣ እነሱ ውል ውስጥ የለም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን ሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳውም፣ በዛን ጊዜ ክላውዱ በኬፕታውን አቆጣጠር መቶ በመቶ እየሠራ ነበር። ተቆጣጣሪው የሚያየው ደግሞ ማራኪ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ የቆመችው እናት ብሯን አወጣች ወይ አላወጣችም የሚለውን ነው።

ስለዚህ አገልግሎት አለመቋረጥን በሚያየው ቢሲአር ዘርፍ ውስጥ ያሉትን ስታስተያዩ የፕሮቫይደሩን ኤስኤልኤ (የአገልግሎት ደረጃ ቃሉን) ማስረጃ አድርጋችሁ አትዝጉት። ረድፉን ለሁለት ክፈሉት፣ አንዱ ክላውዱ ሲወድቅ፣ ሌላው ክላውዱ እያለ እኛ ስንቆረጥ። ለሁለተኛው ማስረጃ የሚሆነው የሁለተኛ መስመር ውል፣ የጄኔሬተር ነዳጅ መዝገብ፣ ያለ ኔትወርክ ለደንበኛ እስከ ስንት ብር እንደሚከፈልና ማን እንደሚፈርም የሚያሳይ አሠራር፣ እና እሱን የሞከራችሁበት ቃለ ጉባኤ ነው። ሙከራውን ቅዳሜ ገበያ በሚቆምበት ቀን አድርጉት፣ ሰው በሌለበት ረቡዕ ከሰዓት የተደረገ ሙከራ ምንም አያሳይም። በጥምቀት ሳምንት ግን እንዳትሞክሩት፣ ሥራ አስኪያጁ እናንተን ነው የሚሞክራችሁ። ባክአፑ ደግሞ ከዋናው ሲስተም በተለየ አካውንት መሆኑን እዩ፣ በአንድ ፓስዎርድ ሁለቱም የሚጠፉ ከሆነ ቢሲአር 08 ላይ "አለ" ብሎ መጻፍ ራስን ማታለል ነው።

ዳታው የት አገር ነው የተቀመጠው ለሚለው ዲኤስፒ 19 አለ፣ ከግል መረጃ አዋጁ ጋር እሱን አገናኙት። የአገር ውስጥ አማራጭ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ እንደ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ ያሉትን ስታስቡ ለእነሱም ይሄንኑ መጠይቅ ስጡ፣ አገር ውስጥ መሆን ብቻውን ኮንትሮል አይደለም። ከፕሮቫይደሩ መውጫው አይፒዋይ 04 ላይ አለ፣ ውል ሲያልቅ ዳታው በምን ፎርማት፣ በስንት ቀን፣ ከዛስ መቼ ይሰረዛል። የመፈተሽ መብትም ይጨመርበት፣ ትልልቆቹ ፕሮቫይደሮች ለትንሽ ደንበኛ ዳታ ሴንተራቸውን አይከፍቱም፣ በምትኩ ሪፖርት ነው የሚሰጡት፣ ያንን በግልጽ ጻፉትና ተቋሙ እያወቀ የተቀበለው መሆኑ ይታይ።

መጨረሻ ላይ ባዶ የቀሩትና "በከፊል" የተባሉት ረድፎች ናቸው ቁም ነገሩ። ለእያንዳንዳቸው ባለቤት፣ ቀን፣ እና እስከዛው የምንሠራበት ጊዜያዊ መፍትሔ ይጻፍ። የማይዘጋ ካለ ስጋቱን መቀበል ይቻላል፣ ፊርማው ግን የአይቲ ኃላፊው መሆን የለበትም፣ ቦርዱ ነው መፈረም ያለበት። ለቦርዱ ሠንጠረዡን እንዳለ አትላኩ፣ በአማርኛ ሁለት ገጽ በቂ ነው፣ ኮዶቹን ትታችሁ "ይሄ ቢሆን ደንበኛው ምን ይሆናል፣ ለማስተካከል ስንት ብር" በሚል ቋንቋ። ሠንጠረዡን ደግሞ አዲስ መመሪያ ሲወጣ፣ ፕሮቫይደሩ አዲስ ሪፖርት ሲያወጣ፣ አዲስ አገልግሎት ስትጨምሩ፣ እና የአድሚን ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ በለቀቀ ቁጥር ክፈቱት፣ የመጨረሻውን በዛው ቀን።